31,000 ኪሎ ሜትር ብቻ የተነዳች ስፓይደር፦ ልግዛት ወይስ ልተዋት?

ጥያቄ፦ “ጋሼ፣ የ34 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ሰፈራችን አንድ ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ1974 ሞዴል ፊያት 124 ስፓይደር ቆማለች። ቀይ ናት፤ የሸራ ጣሪያዋ ይታጠፋል። ባለቤቷ ካረፉ ቆይተዋል። መኪናዋ ከተነዳች 19 ዓመት አልፏታል። ቆጣሪዋ 31,000 ኪሎ ሜትር ይላል። ልጃቸው ‘ምንም ያልተነካች ናት፤ ባትሪ ብቻ ነው የምትፈልገው’ እያለ ዋጋዋን ሰቅሎታል። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኛት መኪና ናት። ልግዛት? ገዝቼ ባስቀምጣትስ ዋጋዋ ይጨምራል?”

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመካኒክነት ሙያ ሃያ ሰባት ዓመት ቆይቻለሁ። እንደ ስፓይደር የምሳሳላት መኪና የለችም። ስለዚህ አንተን ለማስደሰት ብዬ አልመልስልህም፤ ለእሷም ለአንተም የሚበጀውን እነግርሃለሁ።

ወረቀቷ ንጹህ ከሆነ፣ የፊት ላሜራዋ ካልበሰበሰ፣ አንተም ልትነዳት ከቆረጥክ ግዛት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ተዋት። “ባትሪ ብቻ” የሚለውን ግን ከአሁኑ ከጆሮህ አውጣው። አልተነዳችም ማለት አልተጎዳችም ማለት አይደለም። ብዙ ዓመት አልጋ ላይ የቆየ ሰው ተነስ ሲሉት ብድግ ብሎ አይሮጥም። መኪናም እንደዚያው ነው።

መኪና ሁለት ዓይነት እርጅና አለው። አንዱን መንገድ ያመጣዋል። ፒስተን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ መቀመጫ የሚያልቁት በመነዳት ነው። ሌላውን ጊዜ ያመጣዋል። ጎማ፣ ቺንጋ፣ ቱቦ፣ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ጎማ)፣ የፍሬን ዘይት፣ ቤንዚን፣ መኪናው ተነዳም ቆመም ያረጃሉ። እንዲያውም ሲቆም ይብስባቸዋል። ፓራኦሊዮ ዘይት እየነካው ሲሠራ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ዓመታት ሲቆም ደርቆ ይሰነጠቃል። እና 31,000 የሚለው ቁጥር የሚነግርህ ስለ መጀመሪያው እርጅና ብቻ ነው። ስለ ሁለተኛው የሚነግርህ 19 የሚለው ነው። ሻጩ አንደኛውን ቁጥር ይዞ ዋጋ ጨመረ። አንተ ሁለተኛውን ይዘህ ተደራደር።

ቆጣሪው ላይ ትንሽ እንቆይ። መጀመሪያ አሃዞቹን ቁጠር። የዚያ ዘመን የብዙ መኪኖች ቆጣሪ አምስት አሃዝ ብቻ ነው ያለው። 99,999 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስለዚህ 31,000 የሚለው 131,000 ሊሆን ይችላል። ልጁ ዋሽቷል ማለቴ አይደለም፤ እሱም ላያውቅ ይችላል። ሁለተኛ፣ የፍጥነት መለኪያው በማይል ይሁን በኪሎ ሜትር አንብብ። ስፓይደር በብዛት የተሸጠችው አሜሪካ ስለሆነ በማይል የምትቆጥርም አለች። 31,000 ማይል ወደ 50,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ከዚያ በርከክ በልና ፔዳሎቹን እይ። የፍሪሲዮን ፔዳል ላይ ያለውን ጎማ በአውራ ጣትህ ዳብሰው። በእውነት 31,000 ብቻ ከተነዳች መስመሮቹ ገና ይቆጠራሉ፣ ጠርዙም ጣትህን ይይዘዋል። በግራ በኩል ተልጦ ብረቱ ብልጭ ካለ ቆጣሪው አንድ ዙር ጨርሷል ብለህ ጠርጥር። ጎማው አዲስ ከሆነ ደግሞ ለምን እንደተቀየረ ጠይቅ። የቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ ያለውን ጭረት፣ የሾፌር መቀመጫውን ጠርዝ፣ የሾፌር በር ሲከፈት ወደ ታች ይወርድ እንደሆነ ተመልከት። እነዚህ ነገሮች አብረው አይዋሹም።

መስታወቷ ላይ የተለጠፉትን የቦሎ ወረቀቶችም አትለፋቸው። የመጨረሻዋ ቦሎ የየትኛው ዓመት ናት? ያ ዓመት በሕግ መንገድ ላይ የወጣችበት የመጨረሻ ዓመት ነው። ጎማዎቹ ጎን ላይ ደግሞ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ቁጥር ታገኛለህ። አራት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩሃል። 2403 ማለት እ.ኤ.አ. የ2003 ሃያ አራተኛ ሳምንት ነው። ሦስት አሃዝ ከሆነ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት ነው። ትርፍ ጎማውን አውጥተህ እሱንም አንብብ። ብዙ ጊዜ ማንም ያልነካው እሱ ነው፤ የመኪናዋን ዕድሜ አፍ አውጥቶ ይናገራል። ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር ግን በእነዚያ ጎማዎች አትነዳም። አስር ዓመት ያለፈው ጎማ ደርቆ ክር የተሰነጠቀ ጎማ ነው። ፍጥነት መንገዱ ላይ ሲፈነዳ ሰው ይገድላል።

አሁን ወደ ላሜራው። አዳማ ለላሜራ ደግ ናት፣ ለጎማና ለሸራ ግን ክፉ ናት። ደረቅ ሙቀቷና ፀሐይዋ ዳሽቦርድ ይሰነጥቃሉ፣ የሸራ ጣሪያ ያደርቃሉ፣ የበር ጎማ ያነጥፋሉ። ዝገቱ ግን እንደ ሐይቅ ዳር ከተማ አይፈጥንም። አንድ ነገር ሲቀር፦ የቆመችበት ወለል ሲሚንቶ ነው ወይስ አፈር? አፈር ከሆነ በክረምት እርጥበቱ ከስር እየወጣ ሆዷን ሲበላ ኖሯል። ከላይ የሚያብረቀርቅ ቀለም ምንም አይነግርህም።

የስፓይደር ደካማ ጎን የታወቀ ነው። ኮፈኑን ክፈትና የፊት አሞርዛተሮች ከላይ የሚታሰሩበትን ላሜራ ፈልግ፤ በግራም በቀኝም አለ። እጅህን ከስር አስገብተህ በጎማው በኩል ዳብሰው። ጭቃ ተጠራቅሞ ውሃ የሚይዘው እዚያ ነው። በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብለህ ተጫነው። ብረት ከሆነ ጠንከር ብሎ ይመልስሃል። ከበሰበሰ እንደ ደረቅ እንጀራ ይፈረፈራል። ይህ ቦታ ከሄደ የፊት እግሯን የሚሸከመው ሄደ ማለት ነው። መበየድ ይቻላል፤ ግን መለካትና ማቆም የሚችል ጥሩ ካሮሴሪ የሚጠይቅ ትልቅ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ከባድ ዝገት ካገኘህ አመስግነህ ውጣ። ከበሩ ስር ያለውን ረጅም ላሜራ፣ የኋላ ጎማ ዙሪያውን፣ ትርፍ ጎማ የሚቀመጥበትን የፖርቶመጋላ (የኋላ ዕቃ መጫኛ) ወለል ደግሞ በማግኔት እይ። ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልለው፤ ቀለሙን እንዳትጭር። የማይዝበት ቦታ ከስሩ ስቱኮ፣ ማለትም የተበላ ላሜራ የሚሞላበት ልስን አለ።

ስለ መለዋወጫ ፍርሃት እንዳለህ እገምታለሁ፤ እዚህ ላይ የምስራች አለኝ። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ተስማምቶ የ124ን አውቶሞቢል ንድፍ ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ቶሊያቲ ከተማ ላይ መመረት የጀመረው ላዳ የዚያ ልጅ ነው። አዎ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ ስንት ዘመን ታክሲ የሠራው ላዳ! ስፓይደር የ124 ቤተሰብ ስለሆነች ከላዳ ጋር የአጎት ልጆች ናቸው። ሞተራቸው ይለያያል። የላዳ የኋላ ፍሬን ከበሮ ነው፤ የስፓይደር አራቱም ዲስክ ናቸው። የፊት እግር አሠራራቸው ግን ይቀራረባል፣ ቸርኬያቸውም ባለ 13 ኢንች ነው። ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠህ በመለኪያ ካሊፐር ለካ፤ ሁሉም ይገጥማል ብለህ አትነሳ። ግን አንድ የድሮ የላዳ መካኒክ ግማሿን መኪና ከወዲሁ ያውቃታል። ዕድሜያቸው ገፍቷል እንጂ እንደነዚህ ያሉ ሰዎች አሁንም አሉ። አንዱን ፈልገህ ተወዳጀው።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ነገር ቋንቋው ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ እያልን ያደግነው ከጣሊያንኛ ወስደን ነው። ልጅ ሆኜ ጋራዥ ስገባ እነዚህ አማርኛ ይመስሉኝ ነበር። ጣሊያን የተሠራች መኪና የኛ ጋራዥ ስትገባ በስሟ ነው የምትጠራው።

ሞተሯ የታላቅ ሰው ሥራ ነው። ንድፉን ያወጣው ቀድሞ ለፌራሪ ሞተር ይሠራ የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ቫልቮቹን የሚከፍቱ ሁለት ካምሻፍት አሉ፤ ሁለቱንም የሚያዞራቸው ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። ቺንጋው ከተበጠሰ ወይም ጥርስ ከዘለለ ቫልቭ ከፒስተን ጋር ይጋጫል። እዚህ ላይ የደረሰብኝን ልንገርህ፤ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ከአስራ አምስት ዓመት በፊት አንድ ሰው እንዲሁ ለዓመታት የቆመች ጣሊያናዊት መኪና በክሬን አስጭኖ አመጣልኝ። ኪሎ ሜትሯ ትንሽ ነበር። ሰውየው ቸኩሏል፣ እኔም ድምጿን ለመስማት ጓጉቻለሁ። ባትሪ ሰጠኋት፣ አዲስ ቤንዚን በጠርሙስ አንጠልጥዬ ካርብራተሩ ላይ አገናኘሁ። ተነሳች። እንዴት ያለ ድምፅ ነበር! ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። አራት ደቂቃ ያህል ሠራች። ከዚያ አንድ ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ሞተሩም ጸጥ አለ። ሽፋኑን ስፈታው ቺንጋው ላይ ስድስት ጥርስ ተልጦ ወርዷል። ከላይ ሲታይ ጥቁርና ጤነኛ ነበር። በእጄ ወደ ኋላ ስለምጠው ግን በጥርሶቹ መካከል ስንጥቁ እንደ ክረምት አልባ መሬት ተከፈተ። አራት ቫልቭ ጎብጧል። ወጪውን እኔ ሸፈንኩ። ይገባኝ ነበር፤ ባለሙያው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቺንጋው ያልተቀየረ የቆመ ሞተር በእኔ እጅ አልተነሳም፤ አይነሳምም።

ስለዚህ ሻጩ “ና፣ አስነስቼ ላሳይህ” ካለ እምቢ በል። “ሲነሳ አይቼ ነው የምገዛው” ማለት ለሌላ መኪና ልክ ነው፤ ለዚህች ግን ጥፋት ነው። ይልቅ ሞተሩ በእጅ ይዞር እንደሆነ ብቻ ይታይ። አካሄዱ እንዲህ ነው። ማርሹ ዜሮ ይሁን። አራቱም ካንዴላ ይፈቱ። በየቀዳዳው አንድ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ይግባና ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር። በነጋታው ከፊት ያለውን ትልቁን የክራንክሻፍት ነት በረጅም ቁልፍ ይዞ ቀስ ብሎ ማዞር፤ በጉልበት አይደለም። ሁለት ሙሉ ዙር ሳይንቀጫቀጭ ከዞረ ፒስተኖቹ አልተጣበቁም። ይህን ያህል ካየህ ለመግዛት ይበቃሃል። የቀረው ከገዛህ በኋላ የሚሠራ ነው፦ ቺንጋው ከነመወጠሪያው ይቀየራል፣ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየራል፣ ታንኩ ወርዶ ይታጠባል፣ የቤንዚን ቱቦዎች በሙሉ ይጣላሉ፣ ካርብራተሩ ተፈትቶ ይጸዳል። የቆየ ቤንዚን ሽታውን ታውቀዋለህ፤ እንደ ቬርኒስ ነው። ውስጥ ገብቶ የሚሠራውም ያንኑ ነው፤ ቀዳዳውን ሁሉ ቀብቶ ይደፍናል። ከዚያ ካንዴላ ሳይታሰር በሞተሪኖ (በማስነሻው) እያዞሩ የዘይት ግፊት መምጣቱ ይታያል። ካንዴላ የሚታሰረውና እሳት የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ሳምንት ይፈጃል። 19 ዓመት ለጠበቀች መኪና አንድ ሳምንት ምን አላት?

ከሞተሩ ይበልጥ የምፈራው ግን ፍሬኑን ነው። የማይነሳ ሞተር ቤትህ ያስቀርሃል፤ የማይዝ ፍሬን ግን ሌላ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 ዘይት ሳይፈላ ቢያንስ 230 ዲግሪ ይችላል። ውሃ ሲጠጣ ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ቁልቁል እየወረድክ ደጋግመህ ፍሬን ስትይዝ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። ውሃው በዚያ ላይ የፍሬኑን ካሊፐር፣ ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘውን ክፍል፣ ከውስጥ ያዝገዋል፤ ፒስተኑ ይጣበቃል። የጎማ ቱቦዎቹ ደግሞ ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ያብጣሉ። አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ቱቦ በምላጭ ሰንጥቄ ለጋራዡ ልጆች አሳየሁ። ቀዳዳው የመርፌ ዓይን አክሏል። ፔዳሉን ስትረግጥ ዘይቱ በጉልበት ያልፋል፤ ስትለቅ ግን አይመለስም። ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል፣ ጎማው ይግላል፣ ይጨሳል። ስለዚህ ቱቦዎቹ ሁሉ ይቀየሩ፣ ካሊፐሮቹ ይፈቱ፣ ዋናው የፍሬን ፖምፓም አዲስ ጎማ ይግባለት። ይህንን ለመቆጠብ ካሰብክ መኪናዋን አትግዛት። በጣም ከልቤ ነው የምለው።

ወረቀቱ ጋ እንምጣ። አባትየው አርፈዋል ብለሃል። ሊብሬው አሁንም በስማቸው ነው? ከሆነ ልጁ ብቻውን ሊሸጥልህ አይችልም። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ያስፈልጋል፤ ወራሾቹ ብዙ ከሆኑ ሁሉም ይፈርሙ ወይም ሕጋዊ ውክልና ይስጡ። ውጭ አገር ያለ እህት ወይም ወንድም ካለ አሁኑኑ ጠይቅ። ከሦስት ዓመት በኋላ መጥታ “የአባቴ መኪና የት ገባ?” ስትል መልሱ አንተ እንዳትሆን። የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ራስህ አመሳክር፤ ፎቶ አንሳው፣ አሃዝ በአሃዝ አንብበው። የሞተሩን ሲሲም እይ። የዚያ ዘመን ስፓይደር ሞተር በአብዛኛው 1,592 ወይም 1,756 ሲሲ ነው። ሌላ ቁጥር ካየህ ሞተሩ ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ማስረዳት አለባቸው። ከኤምባሲ ወይም ከውጭ ድርጅት ሠራተኛ የተገዛች ከሆነ ደግሞ ቀረጥ የተከፈለበት ማስረጃ ይታይ። የቆየ የቦሎና የዓመት ግብር ዕዳ ካለ በማን እንደሚከፈል ውሉ ላይ ይጻፍ። ቀብድ ከመስጠትህ በፊት ይህ ሁሉ ይለቅ። ደላላው “ወረቀቱ ቀላል ነው፣ በኋላ ይደርሳል” ካለህ በኋላ እንደማይደርስ እወቅ።

ዋጋውስ? ሻጩ የሚመካበት አንድ እውነት አለ። እንዲህ ያለች መኪና ከውጭ አምጥተህ መተካት አትችልም። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ጨርሶ እንዳይገባ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያሉት ያሉት ናቸው። ይህ ግን ሻጩ የፈለገውን ይጠይቅ ማለት አይደለም። ፈላጊውም ጥቂት ነው፤ 19 ዓመት ግቢ ውስጥ የቆመችው ለዚህም ጭምር ነው። እኔ የምመክርህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘህ እንድትሄድ ነው። አራት ጎማ፣ ቺንጋ፣ ፍሬን በሙሉ፣ ታንክና ቱቦ፣ ካርብራተር፣ ራዲያተር፣ ባትሪ፣ የሸራ ጣሪያ። የእያንዳንዱን ዋጋ አስቀድመህ ጠይቀህ ጻፍ። ደምረው፣ ለማይታየው ነገር አንድ ሦስተኛ ጨምርበት። ያንን ፊቱ ላይ ቁጭ አድርገህ ከጠራው ዋጋ ቀንስ። ሳትጨቃጨቅ፣ በአክብሮት። የአባቱ መኪና ናት፤ ስታንቋሽሻት ከሰማ ጭራሽ አይሸጥልህም።

ከገዛሃት በኋላ ያላት ጠባይ ይህ ነው። ትንሽ ትንሽ፣ ግን ዘወትር መነዳት ትፈልጋለች። በሁለት ሳምንት አንዴ ቅዳሜ ወይም እሁድ ማለዳ ወደ ሶደሬ ውሰዳት። ደርሶ መልስ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ልኳ ነው። ግቢ ውስጥ አስነስቶ አስር ደቂቃ አሙቆ ማጥፋት ግን ይጎዳታል። ሞተር ሲሠራ ውሃ ያወጣል። ዘይቱ በደንብ ካልጋለ ውሃው ዘይት ውስጥና ማርሚታ ውስጥ ይቀራል፤ ማርሚታም ከውስጥ ይበሰብሳል። ዘይት ባትነዳትም በዓመት አንዴ ቀይር። የፍሬን ዘይት በሁለት ዓመት፣ ቺንጋውን በየሦስት ዓመቱ። ኪሎ ሜትር አትጠብቅ፤ ቀን ጽፈህ ኮፈኑ ስር ለጥፍ።

ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ አትጨምር። ውስጡ የኖራ ቅርፊት ይሠራል፤ የተጣራ ውሃና ኩላንት ነው የሚገባው። አዳማ ከባህር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞተሯን ከመፍላት የሚያድናት የራዲያተር ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ርካሽ ዕቃ ነው፤ አዲስ ግዛለት። ከፍታው ካርብራተሩንም ይነካዋል። አየሩ ከባህር ዳርቻ አንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል፣ አዲስ አበባ ስትወጣ ደግሞ ወደ አንድ አራተኛ ይጠጋል። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል። ካንዴላ ጥላሸት ከለበሰ፣ ከማርሚታ ጥቁር ጭስ ከወጣ፣ ጂግለር የሚባለው ትንሹ የነዳጅ ቀዳዳ በጠበበ ይቀየራል። ጉልበቷ ከመጽሐፉ ያንሳል ብለህ አትዘን፤ አየሩ ነው የወሰደው። እና አንዳንድ ልጆች “የኮሮላ ሞተር እንግጠምላት፣ ትገላገላለህ” ይሉሃል። እባክህን እንዳትሰማቸው። ያንን ሞተር ካወጣህ የቀረህ ቆንጆ ላሜራ ብቻ ነው።

ስትቆም ላስቲክ አታልብሳት፤ ላብ ይይዛል። አየር የሚያስገባ ጨርቅ ይሁን። የባትሪውን ገመድ ንቀል። አይጥ ሽቦ ይወዳልና ድመት ካለህ ጥሩ ነው።

ዋጋዋ ይጨምራል ወይ ላልከው፣ በዚህ አትግዛት። ስፓይደር እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1985 ወደ 200,000 ገደማ ተሠርታለች። በዓለም ላይ ብርቅ አይደለችም፤ ብርቅ የሆነችው እኛ አገር ነው። እኛ አገር ደግሞ የምትሸጥላት ሰው ለማግኘት ዓመት ልትጠብቅ ትችላለህ። ገንዘብ ለማራባት ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። ቆልፈህ ካስቀመጥካትማ የሃያኛውን ዓመት እርጅና አንተ ትጨምርባታለህ ማለት ነው። አብረዋት የመጡትን ነገሮች ግን ምንም አትጣል፦ የመመሪያ መጽሐፏን፣ የመፍቻ ከረጢቷን፣ ትርፍ ቁልፏን፣ የቀየርከውን አሮጌ ዕቃ እንኳ በካርቶን አስቀምጥ። ቀለሟ ከደበዘዘ በጥሩ ሰም ይወለወል እንጂ ቸኩለህ አታስቀባት። የመጀመሪያ ቀለም አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። ለልጁ ደውልና ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ እንደምትመጣ ንገረው። ሊብሬውንና የወራሽነቱን ወረቀት እንዲያዘጋጅ ለምነው። አንተ የእጅ ባትሪ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት፣ አንድ ካቻቢቴ፣ የምትተኛበት ካርቶን ያዝ። ከተቻለ የድሮ የላዳ መካኒክ አስከትል። መጀመሪያ የአሞርዛተሩን ላሜራ እይ፤ ከዚያ በፊት ስለ ዋጋ አታውራ። ያነሳሃቸውን ፎቶዎች ላክልኝ፣ በተለይ የግራውን በኩል ከስር የተነሳ። እስከዚያ ድረስ ግን ማንም ሰው፣ ልጁም ቢሆን፣ ባትሪ አስሮ ቁልፍ እንዳያዞር አደራ።